ኢብሮን ያሳጣው ሳጥን

ጥሩወርቅ ስልክ ስታወራ ሰፈሩ ሁሉ የተደወለለት ያህል ይሰማል። የዚያን ዕለት ጠዋትም ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ሆና፣ ጎብዬ ላለች እህቷ፣ «ኢብሮ ሌሊት ሌሊት ውሃ ይሸጣል አሉ! ኸረ ሰው አይደለም የመሰከረበት፣ ሳጥኑ ነው እንጂ! ዛሬ ከሰዓት ቁልፉን ሊቀበሉት ነው። ወይ ጉድ፣ ያን ያህል ጨዋ መስሎ!» ስትል፣ ከአጥሩ ወዲህ ሦስት ሰዎች ቁርስ ላይ ነበሩ። አንዱ ራሱ ኢብሮ ነው። ሁለተኛዋ ሚስቱ ሳሊሀ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የሳሊሀ የእህቷ ልጅ ፈሪሀ። ሦስቱም ሰሙ፤ ሦስቱም ጆሮ እንዳልፈጠረባቸው ሆኑ። ሳሊሀ በባሏ ሻይ ላይ ስኳር ጨመረችለት፤ አስቀድማ ጨምራለት ስለነበር ሻዩ ማር ሆነ። ኢብሮ ያንን ማር ፊቱን ሳያጨማድድ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ያለፈውን ዓመት ካላንደር እያየ እስከ አተላው ድረስ ጠጣው። ማራገቢያው ከአንዱ ማዕዘን የለቀመውን ሙቀት ወደ ሌላው ማዕዘን ያመላልሳል። በግንቦት ቆቦ ላይ ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ይወጣል፤ ዶሮዋም ብትሆን የምትጥለው የተቀቀለ ነው ይላሉ፤ ጨው ብቻ ነው የሚጎድለው።

ኢብሮ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዞብል ተራራን ፊት ለፊት በሚያየው ሜዳ ላይ የተቆፈረውን የመስኖ ጉድጓድ ይጠብቃል፤ ፓምፑን የሚያስነሳውም የሚያጠፋውም እሱ ነው። የፓምፑ ቤት ቁልፍ ከወገቡ ተለይቶ አያውቅም። ታጥቆት ስለሚተኛ ሳሊሀ በደጉ ጊዜ፣ «ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ፓምፑን?» ትለው ነበር። ከፓምፑ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አንድ የብረት ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር ፓምፑ በየቀኑ ስንት መብራት እንደጠጣ ትለካና ለውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ስልክ ላይ ትልካለች። መብራቱን ያወቀ ውሃውን ያውቃል፤ ብዙ መብራት ከተጠጣ ብዙ ውሃ ወጥቷል ማለት ነው። ምሰሶው ላይ ያለው ቆጣሪ የጎረቤቱን ወፍጮ ቤትም አብሮ ስለሚቆጥር ለማንም ምስክር መሆን አይችልም። ታዲያ አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል መብረቅ የሳጥኑን ሆድ አቃጥሎት አዲስ ቦርድ ከአዲስ አበባ መጥቶ ተገጠመለት። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ፣ ፓምፑ እጥፍ እየጠጣ ነው ይላል። የገበሬው የውሃ ተራ ደግሞ በአንዲት ቦይ እንኳ አልጨመረም። «ግማሹ ውሃ የት ገባ?» አለ ኮሚቴው። ፓምፑን የሚያስነሳው አንድ ሰው ነው፤ ስለዚህ መልሱም አንድ ሆነ። ሽንኩርት ዋጋ ባወጣበት ሰሞን ደግሞ ውሃ ሸጠ የተባለ ሰው፣ ደም ከሸጠ ሰው አይሻልም።

ለኢብሮ ግን ይህንን ፊት ለፊት የነገረው ማንም አልነበረም። ሰላምታው ነው ያጠረው። ቀድሞ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዘመዱ፣ ስለ ጉልበቱ የሚጠይቀው ሁሉ «እንዴት አደርክ» ብሎ ያልፈዋል። እሱም ቤቱ ገብቶ ስለዚያ አጭር ሰላምታ ለሚስቱ አልነገራትም። ሳሊሀም አልጠየቀችውም። በሁለቱ መካከል ያለው ዝምታ ከእለት ወደ እለት እየወፈረ ሄዶ፣ ፈሪሀ አልፋው ወደ ጓዳ ስትገባ በጎን ነው የምትሄደው ብንል ውሸት አይሆንም።

ስለ ውሸት ከተነሳ ፈሪሀ ራሷ የቆቦ ሻምፒዮን ናት። ወልድያ ኮምፒውተር ተምራ ተመልሳ፣ አስፋልቱ ዳር ባለ ሱቅ ስልክ ትጠግናለች። ኢብሮ ስሟን አሳጥሮ «ፈሪ» ይላታል፤ ከዚህ አጠራር ሌላ የፈሪ ነገር የላትም። አንድ የገበያ ቀን፣ የአፋሮቹ ግመል ስልክ ውጦ ሆዱ ውስጥ ይጠራል ብላ አስወርታ ነበር። ግማሹ ገበያተኛ ሄዶ ግመሉን ከበበው፤ አንድ ሽማግሌ ሆዱ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው፣ «ወላሂ፣ ይጠራል! የሚያነሳው ነው የጠፋ» ብለው ማሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለች ልጅ፣ ሰውዬው ንጹሕ ነው ብላ ብትነሳ ማን ይሰማታል? ቁርሱ ላይ ያንን እያሰበች ቆየችና፣

«አያ ኢብሮ፣ እስቲ ዛሬ ሳጥኑን ልየው» አለችው።

«ምን ልታይበት? እሱ እኔን አይቶ ጨርሷል።»

«ውሸታምን ውሸታም ነው የሚያውቀው።»

ሳሊሀ መጀመሪያ የእህቷን ልጅ፣ ቀጥሎ ባሏን አየች። «ይዘሃት ሂድ» አለች። ለባሏ በዚያ ሳምንት ከተናገረችው ይኼ ረጅሙ ነበር።

በባጃጅ ሄዱ። ባጃጅ ነጂው ወትሮ ከኢብሮ ጋር ስለ ዝናብና ስለ ሮቢት ፓፓያ ሳያወራ አያልፍም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ፓምፑ ቤት እንደደረሱ ፈሪሀ ሳጥኑን ከፈተች፣ ገመዷን ከላፕቶፗ ጋር አገናኘችና ቦርዱ ላይ የተቀመጠችውን ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ቺፕ ታጠና ጀመር። መብራቱን የምትለካው ያቺ ናት። በስልኳ ካሜራ አቅርባ ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን አነበበች። ከዚያ በገመዱ በኩል፣ በማሽን ቋንቋ፣ ማን ነሽ ብላ ጠየቀቻት። ቺፕ ደግሞ እንደ ሰው አይደለም፤ ሲጠየቅ ስሙን አይደብቅም። የመለሰችው ስም ግን ሳጥኑ ከሚጠራት ስም ጋር አይገጥምም። ፈሪሀ ተነስታ አዲሱን ቦርድ ለገጠመው ባለሙያ ለዘካሪያስ ደወለችለት። ደሴ ሥልጠና ላይ ነበር።

«ዘካርዬ፣ አዲሱን ቺፕ ማን ብለህ ነው ያስገባኸው?»

«በድሮው ስም ነው» አለ ዘካሪያስ። «በገዛ ስሙ ስጠራው ሳጥኑ አላውቀውም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ሽንኩርቱ እየደረቀ፣ ሰዉ ከቦኝ ቆሟል። ምን ላድርግ? የተቃጠለውን ቺፕ ስም ሰጠሁት፣ ቀጥ ብሎ ተነሳ። ወንድማማቾች ናቸው ብዬ እኮ ነው!»

«ወንድማማች እንኳ ናቸው» አለች ፈሪሀ፤ ነገሩ ገባት። በራያ የሞተ ወንድሙን ስም ተሸክሞ የሚያድግ ልጅ ብርቅ አይደለም። ልጁ ስሙን ይወርሳል፤ ጠባዩን ግን ይዞት የሚመጣው ሌላ ነው፤ ሟቹ ወተት ይወድ ነበር ተብሎ ወተት ሲጋት ያስመልሰዋል። የቺፑን መግለጫ በስልኳ አውርዳ አየችው። የተቃጠለው ቺፕ የለካውን ቁጥር ከቀኝ ጥግ አስጠግቶ ነበር የሚያስቀምጠው። አዲሱ አንዲት ቦታ ወደ ግራ ገፋ ያደርገዋል። «አያ ኢብሮ፣ አንድ ቁጥር ላይ ዜሮ ብትጨምርበት በአሥር ይባዛ የለ? በማሽን ቁጥር ደግሞ እንዲህ አንዲት ቦታ መግፋት እጥፍ ማድረግ ነው። ቺፑ የለካው ልክ ነው፤ የሚያነብለት ሰው ነው አለቦታው የሚያነበው።»

«አንባቢው ማነው?»

«ሾፌሩ።»

ኢብሮ ሳጥኑን ዞሮ ከኋላው አየ። «ሳጥኑ ሾፌር አለው?»

«ድራይቨር ይሉታል። ከርነል የሚባል የማሽኑ እምብርት አለ፤ እዚያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ ጠባዩን የሚያውቅለት ሾፌር ይቀመጣል። ይኼኛው የድሮውን ቺፕ እንጂ አዲሱን መንዳት አልተማረም።»

«አሃ፣ ያለ መንጃ ፈቃድ ነው እኔን የገጨኝ!» አለ ኢብሮ። ያን ሰሞን የቀለደው የመጀመሪያው ቀልድ ነበርና ፈሪሀ ከሚገባው በላይ ሳቀች።

ሥራው ከወሬው ቀሊል ይመስላል። የሾፌሩ ጽሑፍ ውስጥ የቺፖቹ ቤተሰብ ከነጠባያቸው ተራ በተራ ተቀምጠዋል፤ ይኼ እንዲህ ያነባል፣ ያ እንዲያ ይቆጥራል ይላል። ፈሪሀ አዲሱን በገዛ ስሙ ከወንድሞቹ ጎን አስገባችው፤ ቁጥሩን ወደ ቀኝ አንዲት ቦታ መልሰህ አንብብ የሚል ትእዛዝም አከለችበት። ስታስገባው የጽሑፉ ራስጌ ላይ የሰፈሩትን ስሞች አየቻቸው። ይህንን ሾፌር የጻፉት፣ ያቃኑት፣ ከሷ በፊት አንዳንድ ቺፕ የጨመሩት ሰዎች ናቸው። አገራቸውን አታውቅም፤ ቆቦ የሚባል ቦታ መኖሩንም እነሱ አያውቁም። ለማንም አልሸጡትም፤ የመጣ ይቅዳ፣ የጎደለውን ይሙላ ብለው ትተውት ሄደዋል። አያቷ በሕይወት ሳሉ ያስቆፈሯት የመንገድ ዳር ጉድጓድ ትዝ አለቻት፤ እሳቸው ካለፉ በኋላም መንገደኛው እየጠጣ ይመርቃቸው ነበር። ሰደቃ ጃሪያ ይሉታል፤ ሰውዬው ቢሞት የማይቋረጥ ምጽዋት። እነዚህ የማታውቃቸው ሰዎች ውሃ ባይቀዱላት ኖሮ ዛሬ ባዶ ጀሪካን ይዛ መቆሟ ነበር። ሰው በማይሰማት ቦታ፣ ከልቧ፣ «አላህ ይስጣችሁ» አለቻቸው።

ችግሩ ጽሑፉን ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጡ ላይ መጣ። ላፕቶፑ ገና ሥራ ሲጀምር ጋለ፤ የቆቦ ሙቀት ከውጭ፣ ሥራው ከውስጥ አጣደፉትና እንደ ጎማ እየሸተተ ጠፋ። ኢብሮ ፓምፑን አስነሳ። ከመሬት ሆድ የወጣው ውሃ ሲሮጥበት የብረቱ ቧንቧ እንደ በረዶ ቀዘቀዘ፤ ትከሻው ላይ የጣለውን ሽርጥ አጣጥፎ ቧንቧው ላይ አነጠፈና፣ «እዚህ አስቀምጪው» አለ። ከዚያ ጥላውን ዘርግቶ ላፕቶፑ ላይ ያዘለት። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ ያዩት ይህንን ነው፤ ዛሬ የሚሻረው ኢብሮ፣ ራሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ለኮምፒውተር ጥላ ይዟል። «ሰውዬው ለየለት» ተባባሉ። የመጀመሪያው ሙከራ አንዲት ሰረዝ ተረስታ ከሸፈ። ፈሪሀ ሰረዟ የጎደለችበትን ቦታ ስታገኘው፣ «አንቺ ነሽ ሰው የምታስጨርሺ!» ብላ ሰደበቻትና መልሳ ጀመረች። ሁለተኛው አለቀ።

ኮሚቴው ከዙሁር ሶላት በኋላ መጣ። ሊቀመንበሩ አቶ አርአያ ከተማ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚነግዱ፣ አባታቸው ከአላማጣ ወዲያ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ክፉ የማይባሉ ሰው ናቸው። ክፉ ስላልሆኑም ነገሩ ከብዷቸው ኢብሮን አላዩትም፤ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለውን ግራር ነበር ያዩት። አባላቱ ድንጋይ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። ጉሮሮ ተጠረገ። ስለ ሙቀቱ ተወራ፤ ስለ ቲማቲም ዋጋ ተወራ፤ ያም አለቀ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ለቁልፉ ሊዘረጉ ሲሉ ፈሪሀ ተነሳች።

«ጋሽ አርአያ፣ ሳጥኑ ተሳስቷል።»

«ይቺ የግመሏ ልጅ አይደለችም እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

«ልጄ» አሉ አርአያ ረጋ ብለው፣ «ሳጥን አይዋሽም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ለማን ብሎ ይዋሻል?»

«ውሸት ለማንም ተብሎ አይደለም ጋሼ፤ እኔን ይጠይቁኝ። ግን እውነትዎን ነው፣ አልዋሸም። ስሙን ቀይረን ስንጠራው ነው የተምታታው። አሁን እኔን አይመኑኝ። መኪናዎ ውስጥ ከሱቅዎ ካውያ አይጠፋም?»

አልጠፋም። ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ካውያ መጣ። አርአያ በገዛ እጃቸው ፈቱት፤ ጀርባው ላይ ሁለት ሺህ ዋት የሚለውን በገዛ ዓይናቸው አነበቡ፤ ለሚገዛው ሁሉ ሲያነቡለት የኖሩት ቁጥር ነው። ፓምፑ ጠፋ። ካውያው በፓምፑ መስመር ላይ ብቻውን ተሰካ። ሳጥኑ ላይ የወጣው ቁጥር ወደ አራት ሺህ የሚጠጋ ነበር። አርአያ ካውያውን አገላብጠው አዩት፤ ሳጥኑን አዩት፤ እንደገና ካውያውን።

«እንግዲህ ጋሽ አርአያ» አለች ፈሪሀ፣ «ይኼም ካውያ ሌሊት ሌሊት ውሃ ይሸጣል ማለት ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው የግመሏን ነገር ያነሳው ሰውዬ ነው። ሌሎቹ ተከተሉ። ኢብሮ አልሳቀም፤ ዓይኑን ከሳጥኑ አልነቀለም። ፈሪሀ አዲሱን ሾፌር ጫነችው፤ የሳጥኑ መስኮት ጨለመ፤ ቆየት ብሎ በራ። ከሁለት ሺህ ጥቂት ጎደል የሚል ቁጥር ወጣ። «የቆቦ መብራት መቼ ሞልቶ ያውቃል!» አለ ከድንጋዩ ላይ አንዱ። ቀጥሎ ኢብሮ ፓምፑን አስነሳ። ቁጥሩ ከመብረቁ በፊት በነበረው ልክ ላይ ቆመ። ዘካሪያስም ተደወለለት፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ፣ «ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሽንኩርቱን ላድን ብዬ ሰው አሳጣሁ። ኢብሮ፣ በሞቴ፣ አትቀየመኝ» አለ።

«ሽንኩርቱ ድኗል እኮ አንተ» አለው ኢብሮ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። «ያኔ ባታስነሳው ዛሬ የምንጣላበት ውሃም አይኖር። አብሽር።»

አርአያ ተነሱ። በቆላው ልማድ ክርስቲያኑ በእስላሙ አፍ፣ እስላሙ በክርስቲያኑ አፍ ነው የሚታረቀው። አርአያ ኢብሮን ትከሻውን ይዘው፣ «አውፍ በለኝ» አሉት።

«ይቅር ለእግዜር» አለ ኢብሮ። ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ መሃላቸው ዘረጋው። «ግን ይኸው፤ ካመናችሁኝ እንደገና ስጡኝ። በሳጥን ፈቃድ ይዤው መቆየት አልወድም።»

ሁሉም ተነስተው ቆሙ። አርአያ ቁልፉን ተቀብለው በሁለት እጃቸው መለሱለት። ከአባላቱ በዕድሜ የገፉት እጃቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው፣ «ውሃህን አያድርቀው፣ ስምህን አያጉድለው፣ ያቃናችልህንም ልጅ ለወግ ያብቃት፣ ውሸቷን ብቻ ይቀንስላት» ብለው መረቁ፤ ሁሉም «አሚን» አሉ፤ በመጨረሻዋ ምርቃት ላይ አሚኑ በረታ። ከዚያ የሰላምታው ተራ መጣ። ያጠረው ሰላምታ ሁሉ ከነወለዱ ተከፈለ፤ ከብቶቹስ፣ ዘመድስ፣ ጉልበትህስ፣ ምላስህስ ተብሎ ኢብሮ ስለ ጥርሱ ሁሉ ሳይቀር ተጠየቀ።

ሲመለሱ ሳሊሀ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል፤ ቢሆንም ወገቡን አየች፤ ቁልፉ አለ። ገብተው ተቀመጡ። ኢብሮ፣ «አንድም ቀን ሳትጠይቂኝ ቀረሽ» አላት።

«ምን ብዬ ልጠይቅህ?»

«ሸጥክ ወይ፣ አልሸጥክም ወይ ብለሽ።»

ሳሊሀ የነጠላዋን ጫፍ አጣጠፈች፣ ፈታች። «የማውቀውን ነገር እጠይቃለሁ?» አለች።

ኢብሮ ያ ሁሉ ጊዜ ዝምታዋን ሌላ ስም ሰጥቶት ኖሯል፤ ወሬውን አምናለች ብሎ ነበር። አሁን ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ ብሎ፣ «አልሀምዱሊላህ» አለ። ደግሞ ደገመው። ሳሊሀ ተነስታ ትከሻው ላይ የቀረውን የሽንኩርት ማሳ አቧራ በመዳፏ አራገፈችለት፤ ካራገፈች በኋላም እጇን አላነሳችም።

ፈሪሀ እንዳላየች ሆና ላፕቶፗን ከፈተች። ሾፌሩን እዚሁ አስቀርታ ብቻዋን መብላት ነውር መስሏት፣ ከርነሉን ለሚጠብቁት ሰዎች ልትልከው ነው፤ እርማት ሰጥተው መላልሰው ያደክሟት ይሆናል፤ ሲያምኑበት ግን ያቺን ቺፕ የገዛ ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ በሟች ስም አይጠራትም። የሚላከው ሥራ ግርጌ ላይ በልማድ የሞከረው ሰው ስም ይሰፍራል።

«አያ ኢብሮ፣ የሞከረው ሰው ብዬ ያንተን ስም ላስገባ ነው።»

«እኔ ጥላ ከመያዝ ሌላ ምን ሞከርኩ?»

«ፓምፑን ያስነሳኸው አንተ አይደለህ? ያለ አንተ ልክ መሆኑ አይታወቅም ነበር።»

ኢብሮ መጥቶ ከጎኗ ቁጢጥ አለ። የሚጻፈውን ፊደል አንዱንም አያውቀውም፤ የባዕድ ፊደል ነው። ጣቷ የት የት እንደሚያርፍ ግን በጥንቃቄ ተከታተለ። «ምን አልሽ?»

«ኢብሮ።»

«ኢብሮ ብቻ? ቆላው እኮ በኢብሮ የተሞላ ነው! የአባቴንም አስገቢ፤ ሙንተሲርን።»

አስገባች። «አሁን ደግሞ አድራሻ ይፈልጋሉ» አለች፤ የኢሜይል አድራሻ ማለቷ ነበር።

ኢብሮ ብዙም ማሰብ አላስፈለገውም።

«ከጉድጓዱ አጠገብ፣ ግራሩ ሥር በያቸው» አላት። «የፈለገኝ አያጣኝም።»